ቀለሙ ይቆየን፣ መጀመሪያ ጣሪያው

ክረምት በመጣ ቁጥር የአቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤት ማደስ በአዲስ አበባ የተለመደ ሆኗል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ወጣቱ ቲሸርቱን ለብሶ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። ደስ የሚል ነገር ነው። እኔም ሽሮ ሜዳ አካባቢ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ከሚረዳ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር ጋር የምሠራው ይህንኑ ነው። በጎ ፈቃደኞቹን አስተባብራለሁ። ሥራውን እንዴት እንደምንሠራውና ምን እንዳስተማረን ልንገራችሁ። በየሰፈራችሁ ይህን ለመጀመር የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ሰፈራችን እንጦጦ ግርጌ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ከተራራው እየተንደረደረ ይወርዳል። ቤቶቹ ቁልቁለት ላይ ስለሆኑ ጎርፉ መጀመሪያ የሚያገኘው የኋላውን ግድግዳ ነው። ከምንረዳቸው እናቶች ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የገፉት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው በመውረድ፣ ወይም ጥጥ እየፈተሉ ለሸማኔ በመሸጥ ነው። ወገባቸውና ጉልበታቸው ያለቀው እዚያ ነው። ይህን ማወቅ ለሥራው ይጠቅማል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሥራው የሚጀምረው በጉብኝት ነው። ያለ አካፋ፣ ያለ ካሜራ፣ ሁለት ሰው ሆነን፣ እናትየውን ከሚያውቅ የማኅበሩ ሰው ጋር እንሄዳለን። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። «እማማ፣ ምን እናድርግልዎ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ ይታወቃል። «ተመስገን ልጆቼ፣ ምን ጎድሎብኝ!» ነው የሚሉት። ይህ ትውልድ ችግሩን ለማያውቀው ሰው አይዘረዝርም። ስለዚህ አጠያየቃችንን ቀየርን። «ሌሊት ዝናብ ሲመጣ አልጋዎን ወዴት ነው የሚያስጠጉት?» እንላለን። «ማታ ሽንት ቤት ሲሄዱ ምን ይይዛሉ?» «ምጣዱ የት ነው የሚቀመጠው?» ያን ጊዜ ቤቱ ራሱ መናገር ይጀምራል። አንዲት እናት አልጋቸው ራስጌ ላይ ያለች ጎድጓዳ ሳህን አሳዩን። ሳህኗ ሞልታ እንዳትፈስ ሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሱ ይደፉ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል አላሉንም። «እሷን መድፋቱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ» ነው ያሉን።

ከጉብኝቱ በኋላ ቅደም ተከተል እናወጣለን። ጣሪያ፣ የጎርፍ ቦይ፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ፣ መብራት፣ ግድግዳ። ቀለም መጨረሻ ነው። በጎ ፈቃደኛ ግን ቀለም ይወዳል። ቀለም ቶሎ ያልቃል፣ ፎቶ ላይም ያምራል። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተቀባ ግድግዳ ደግሞ እስከ መስከረም አይቆይም። ይህን ለአዲስ መጪዎች በመጀመሪያው ቀን ነው የምነግራቸው።

ስለ ጊዜው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው። ከእኛ ጋር የሚሠሩ አንድ ጡረታ የወጡ አናጺ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ገና ስንጀምር ዕቅዳችንን አይተው «ጭቃ በሐምሌ አይመረግም» አሉን። ምክንያቱን ሲያስረዱ ቁጭ ብለን ሰማናቸው። የጭቃ ቤት ምርጊት አፈሩ በጭድ ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ ቀናት ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ከተመረገ በኋላ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ በሁለተኛ ዙር ይደፈናል። በክረምት ግን አይደርቅም። እንደረጠበ ይሻግታል፣ ከዚያ ይረግፋል። ጭዱም ቢሆን ርካሽ የሚሆነው የጤፍ አጨዳና ውቂያ ካለፈ በኋላ ነው። በሐምሌ የሚገኘው ከበጋው የተረፈው ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ማለትም የቤቱ ጊዜና የተማሪው የዕረፍት ጊዜ አይገጥሙም። ልጆቹ ነፃ የሚሆኑት ቤቱ ጭቃ በማይቀበልበት ወቅት ነው። እኛም ሥራውን ከፈልነው። ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ የጣሪያና የቦይ ጊዜ ነው። ይህን የሚሠሩት ሠራተኞችና የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው፣ በአብዛኛው እሑድ። ሐምሌና ነሐሴ ተማሪዎቹ ይመጣሉ። የቤት ውስጥ ሥራ ይሠራሉ፣ አልጋ ይጠግናሉ፣ ብርድ ልብስ ያጥባሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ የተደፈነ ቦይ ይጠርጋሉ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ ጭቃ ነው። ለዚያ ሌላ ሰው እንመለምላለን። በጎ ፈቃድ የክረምት ሥራ ብቻ መስሎ በመታየቱ ለበጋው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ዋናው ድካሜም እዚያ ላይ ነው።

የጣሪያው ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን እዩ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይረክሳል፣ ግን ቶሎ ይጎዳል። ለጋሽ ሲጠይቀን «ብዛቱ ይቅርብን፣ ወፍራሙን ግዙልን» ነው የምንለው። ሚስማሩ የሚመታው ቆርቆሮው ጎበጥ ባለበት ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ከሥሩ ጎማ ይገባል። ሲለብስ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል፣ የላይኛው የታችኛው ላይ እንዲያርፍ። ከአሮጌው ቆርቆሮ ደህና ደህናው ተመርጦ ለማድ ቤት ወይም ለሽንት ቤት ይሆናል፣ ቀዳዳው በሬንጅ ይደፈናል። የበሰበሰው ማገርና ሞራሌም በዚያው ይቀየራል። መሬት ውስጥ ለሚገባ ቋሚ ጫፉን የተቃጠለ የመኪና ዘይት እንቀባዋለን። ምስጥ አይወደውም።

ጣሪያ ተገልጦ አያድርም። ይህ ሕጋችን ነው። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ዕቃውን ዋዜማውን እናስገባለን፣ ማለዳ እንጀምራለን። ለማንኛውም ብለን ሸራ አጠገባችን እናደርጋለን። ከቆጣሪው ላይ መብራቱ ሳይጠፋ ማንም ጣሪያ አይወጣም። በአሮጌ ቤቶች ከኮርኒሱ በላይ የሚያልፈውን ገመድ አይጥ በልቶት ይገኛል። እሱን የሚነካው ኤሌክትሪሺያን ብቻ ነው።

ጣሪያው ከመነሳቱ በፊት ዕቃ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ወጣቶቹን ደጋግሜ አስጠነቅቃለሁ። ቆሻሻ የሚመስል ነገር ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ከአልጋ ሥር፣ ከፍራሽ ሥር፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ዘንቢል ውስጥ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይወጣል። ፈትታችሁ ብታዩት የቤት ኪራይ ደረሰኝ ነው። አንዳንዱ ከማርጀቱ የተነሳ በማጠፊያው ተቆርጧል። ብዙዎቹ እናቶች የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ለእድሳት የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ቤቶቹም እንደዚያው አረጁ። ያቺ ደረሰኝ ታዲያ «ይህ ቤት የእኔ መኖሪያ ነው» የሚሉባት ማስረጃቸው ናት። ስለዚህ ምንም ነገር ያለ እሳቸው ፈቃድ አይጣልም። ዕቃው ሲወጣ እማማ በር ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱን ያያሉ፣ «ይሄ ይቀመጥ፣ ያ ይሂድ» ይላሉ። ሰዓት ይወስዳል። ይውሰድ።

የቀበሌ ቤት ስለሆነም ፈቃድ ያስፈልጋል። ማኅበሩ ለወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል፣ የቤቱ ስፋት እንደማይጨምር ይገልጻል፣ ፎቶና የዕቃ ዝርዝር ያያይዛል። ደብዳቤውን በሚያዝያ ማስገባት ነው። ለግንቦት ሥራ በግንቦት የገባ ደብዳቤ አይደርስም። ጎረቤትም ይነገረዋል። ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ስለሆኑ የአንዱ ቦይ ወደ ሌላው ደጅ እንዳይወርድ ተነጋግሮ ነው የሚቆፈረው። በዚህ ጉዳይ የእድሩ ሽማግሌዎች ብዙ አግዘውናል። እኛ ብንናገር ክርክር የሚሆነው ነገር በእነሱ አፍ ሲነገር በአንድ ቃል ያልቃል።

አሁን ወደ ወገብና ጉልበቱ ልመለስ። አብዛኛው ሽንት ቤት የጋራ ነው፣ ከቤቱ ራቅ ይላል፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው። በክረምት ቀይ አፈሩ ያንሸራትታል። ጉልበታቸው የደከመ እናት በጨለማ ይህን መንገድ ስለሚፈሩ ማታ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ይህን የነገሩን ከብዙ ጉብኝት በኋላ ነው፣ በሹክሹክታ። መፍትሔው ውድ አይደለም። ድንጋይ ይነጠፋል፣ ዳገቱ ላይ ዝቅ ያሉ ደረጃዎች ይሠራሉ፣ በአንድ በኩል የባሕር ዛፍ አጣና ወገብ ድረስ ከፍ ተደርጎ እንደ መደገፊያ ይቸነከራል። ልጣጩ ተልጦ በደንብ ይለሰልሳል፣ እጅ እንዳይወጋ። ሽንት ቤቱ ውስጥም አጭር መያዣ ይደረጋል። ሦስት ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሠራነው ሁሉ የበለጠ የሰው ሕይወት የለወጠው ይህ ነው።

ስለ ሰው ብዛትም ልናገር። አንድ ክፍል ቤት ላይ ስድስት ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን መንገድ መዘጋጋት ነው። ሃያ ሰው ሲመጣ በሦስት ቤት እንከፍላለን፣ የቀረው ድንጋይ ያመላልሳል፣ ቦይ ይጠርጋል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ኃላፊ አለ። መዶሻውን፣ መጋዙን፣ አካፋውን ቆጥሮ ተቀብሎ ቆጥሮ ይመልሳል። የማኅበሩ አስተባባሪ ቀኗን ሙሉ እኛን ስትፈልግ ከዋለች መርዳታችን ቀርቶ ሥራ ጨመርንባት ማለት ነው። ስለዚህ እሷን የሚያናግራት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የቀረው በቴሌግራም ያልቃል።

ቡናውንም አትርሱ። ቤቴ ሰው መጥቶ ባዶ አፉን አይሄድም የሚሉ እናቶች ናቸው። እምቢ ስትሏቸው ይከፋቸዋል፣ እሺ ስትሉ ደግሞ ተበድረው ያፈላሉ። እኛ ቡናና ስኳሩን ዋዜማውን ለጎረቤት እንሰጣለን። በማግስቱ ጎረቤቷ ይዛ ትገባለች፣ እማማ ይቆላሉ፣ ያፈላሉ፣ ይመርቃሉ። ሥራ ቆሞ ሁሉም ይቀመጣል። እስከ ሦስተኛው ድረስ የሚጠጣ ሰው ካለም አይከለከልም። ደቦ የመጣ ሰው በባለቤቱ እጅ መስተናገዱ ያለ ወግ ነው፣ እሳቸውም በገዛ ቤታቸው ባለቤት መሆናቸው በዚያች ሰዓት ይታያል። ፎቶ ግን ቤት ውስጥ አናነሳም። ለጋሾች ማየት ከፈለጉ ጣሪያውንና ቦዩን እናሳያቸዋለን። የእማማ ፊት የሪፖርት ማድመቂያ አይደለም።

ሥራው አለቀ የምንለው ኃይለኛ ዝናብ አንዴ ከጣለበት በኋላ ነው። በማግስቱ ሁለት ሁለት ሆነን ቤቶቹን እንዞራለን። ኮርኒሱ ላይ አዲስ እርጥበት ካለ ወይ ሚስማሩ ነው፣ ወይ መደራረቡ ነው፤ ጋሼ ወጥተው ያዩታል። ቦዩ ቅጠል ከዘጋው እናጸዳለን። ለጎረቤት ልጅ ስልካችንን እንተዋለን፣ ሌሊት ቢያፈስ እንዲደውልልን።

ለመጪው ታኅሣሥ የጭቃ ሥራ ሰው እየመዘገብን ነው። የማቡካቱ ሥራ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ምርጊቱ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ጠዋት። ልምድ አያስፈልግም፣ ጋሼ ያሳያሉ። ቦት ጫማና ጓንት ከማኅበሩ መጋዘን ይሰጣል። ጭድ ሊያመጣልን የሚችል የጭነት መኪና ያለው ሰው ካለ ከሁሉ አስቀድሞ እሱን እንፈልገዋለን።