«ተመታቱ» ነው ያልኩት

ሜሪላንድ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ነው። ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ራት ሊቀርብ ሲል፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሁለት ሽማግሌዎች በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተጣሉ። አንደኛው ቀድሞ ሊቀመጥ ሲል ሌላው ከኋላ ትከሻውን በቡጢ መታው። የተመታውም ዞሮ ደረቱን በመዳፉ መለሰለት። ሐበሻዋ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) መሃል ገብታ ገላገለቻቸው፣ አንዱን ወደ ክፍሉ ወሰደች፣ ራቱንም እዚያው አበላችው። ነርሷ ሌላ ኮሪደር ላይ መድኃኒት እያደለች ስለነበር በአፍ ሳትነግራት ቀረች። ሺፍቷን ከመጨረሷ በፊት ግን ቻርቱ (የነዋሪዎቹ የሕክምና መዝገብ) ላይ «ዘይ ሂት ዘምሰልቭስ ኢን ዘ ዳይኒንግ ሩም» ብላ ጻፈች።

በልቧ ያለው «መመገቢያ ክፍል ውስጥ ተመታቱ» የሚል ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ደግሞ «ሁለቱም የገዛ ራሳቸውን መቱ» ነው።

ከምሽቱ 5 ሰዓት የገባችው የሌሊት ነርስ ያነበበችውን አመነች። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው አንዳንዴ የራሱን ጭንቅላት ወይም ጭን ይመታልና ነገሩ እንግዳ አልሆነባትም። የሁለቱንም ግንባርና ፊት መረመረች፣ በየ15 ደቂቃው እንዲታዩ አደረገች፣ ጠዋት ለሐኪም እንዲነገር ማስታወሻ ተወች። የሠራችው ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ችግሩ ላልተፈጠረ ነገር መሠራቱ ብቻ ነው። መለየት የነበረባቸው ሁለት ሰዎች ጠዋት ቁርስ ላይ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ነገሩን ያወጣው የበለዘው ቦታ ነበር። የቀኗ ነርስ፣ እሷም ሐበሻ ናት፣ ሰውየውን ስታጥብ ከትከሻው በስተኋላ የቡጢ ምልክት አየች። ሰው ራሱን እዚያ ቦታ ላይ በቡጢ አይመታም። ለሲኤንኤዋ ደወለች።

«ማን ነው ማንን የመታው?»

«ተመታቱ ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

«አላልሽም፣ የኔ ልጅ። ሁለቱም ራሳቸውን መቱ ነው ያልሽው።»

ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፌደራል ደንብ መሠረት ነርሲንግ ሆም ውስጥ በደል ከተጠረጠረ ከ2 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ለአስተዳዳሪውና ለስቴቱ ሪፖርት ይደረጋል፤ በደልም ከባድ ጉዳትም የሌለበት ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ድረስ። አንዱ ነዋሪ ሌላውን ሲመታ በደል ሊሆን ይችላል ተብሎ መጣራት አለበት። ራስን መምታት ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፦ ሐኪም፣ ክትትል፣ የእንክብካቤ ዕቅድ። «ዘምሰልቭስ» የምትለው አንዲት ቃል ጉዳዩን ከአንዱ መንገድ አንሥታ ወደ ሌላው ወሰደችው።

ስህተቱ የሚመጣው ከአማርኛችን ምቾት ነው። «ተ» ስንት ሥራ እንደምትሠራ ልብ አንለውም። «ተላጨ» ስንል ሰውየው ራሱን ላጨ፤ «ተመታ» ስንል ሌላ መታው፤ «ተመታቱ» ስንል አንዱ ሌላውን። ሦስቱም በ«ተ» ነው የሚጀምሩት። እንግሊዝኛ ሦስቱን በሦስት ዕቃ ነው የሚያስቀምጣቸው። አድራጊውም ተደራጊውም ያው ሰው ሲሆን ሂምሰልፍ፣ ኸርሰልፍ፣ ዘምሰልቭስ፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲሆን «ኢች አዘር»፤ አድራጊው ሌላ ሲሆን ወይም ሳይታወቅ ሲቀር «ዎዝ ሂት»። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት የሚጠየቀው ነርሷ በስልክ የጠየቀችው ነው፦ ማን ማንን? መልሱ «ሀ ለን፣ ለ ደግሞ ሀን» ከሆነ ዘምሰልቭስ አይገባም። ለቻርትማ «ኢች አዘር»ም አይበቃም፤ ማን እንደጀመረና የት እንደመታ ተለይቶ ቢጻፍ ይሻላል።

«ታጥበዋል» የሚለውም ያው ጣጣ አለበት። ራሳቸው ታጠቡ ነው ወይስ አጥበናቸው? አማርኛው ለሁለቱም ይሆናል። እንግሊዝኛ «ሂ ሼቭድ» (ተላጨ) ብሎ ሂምሰልፍን መተው ይችላል፤ መላጨት፣ መታጠብ፣ መልበስ በተፈጥሯቸው ሰው በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው ናቸውና። እንክብካቤ ውስጥ ግን ሂምሰልፍ ከተጨመረ «ያለ ሰው እጅ» ማለት ይሆናል። «ሺ ድሬስድ ኸርሰልፍ» (ራሷ ለበሰች) የሚል ኖት ኤምዲኤስ በሚባለው የግምገማ ቅጽ 6 ቁጥርን ያስሞላል፤ 6 ማለት ያለ ምንም እርዳታ፣ 1 ማለት ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው ነው። ሲኤንኤዋ ልብሱን አልጋ ላይ አሰናድታ ከሄደች 5 ነው። የልብሱን ቁልፍ ከቆለፈችላቸው፣ ሥራው ከግማሽ በታች የእሷ ከሆነ፣ 3። አሮጊቷ ቁልፍ ሳይቆልፉ «ኸርሰልፍ» ተብሎ ከተጻፈላቸው የሚያገኙት እርዳታ ይቀንሳል።

ሰው ሲወድቅ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ሂ ሀርት ሂምሰልፍ» (ራሱን ጎዳ) የግድ ሆን ብሎ ማለት አይደለም፤ በአጋጣሚ ለተጎዳ ሰውም የተለመደ አነጋገር ነው። ያላየ ሰው ግን ሊጽፈው አይገባም፣ ማንም አልገፋውም ብሎ መመስከር ነውና። ወለል ላይ ተቀምጦ የተገኘ ሰው «ፋውንድ ሲቲንግ ኦን ዘ ፍሎር» ነው፣ በቃ። «ባይ ሂምሰልፍ»ም እንዲሁ ሁለት ትርጉም አለው፦ ብቻውን፣ ሰው አጠገቡ ሳይኖር፤ ወይም ሰው እያየው ነገር ግን ሳይረዳው። የመውደቅ አደጋ ላለበት ሰው ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አክብሮታችንም ያሳስተናል። «ራሳቸውን ችለው ይበላሉ» የምንለው ስለ አንድ አዛውንት ነው፤ በቀጥታ ሲተረጎም ግን «ዘይ ፊድ ዘምሰልቭስ» ይሆንና አንባቢው ሁለት ሰው ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ሽማግሌን በግስ አያከብርም። «ሚስተር» ይባሉና «ሂ» ይቀጥል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። የነዋሪ ልጅ ኬክ አምጥታ «ሄልፕ ዩርሰልፍ» ብትል «ራስሽን እርጂ» አላለችም፤ «እንኪ፣ ብዪ» ማለቷ ነው። «ደውይልኝ» ለማለት «ኮል ማይሰልፍ» ትሕትና ይመስላል እንጂ ስህተት ነው፤ ደዋዩ ሌላ ስለሆነ «ኮል ሚ» ነው የሚባለው። «ራሱን ታጠበ» ጸጉሩን ማለት ከሆነ «ሂዝ ሄር» ነው፤ «ራሴን አመመኝ»ም «ማይ ሄድ» እንጂ ማይሰልፍ የለበትም።

ቻርቱ ላይ የተጻፈው አልጠፋም፤ ቻርት አይፋቅም። ወረቀት ቢሆን በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የታችኛው ጽሑፍ እየተነበበ፣ ቀንና ፊርማ ይገባበት ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስለነበር ሲኤንኤዋ ተመልሳ አዴንደም (ተጨማሪ ማስታወሻ) ጨመረች፤ የተጻፈበት ሰዓትና ድርጊቱ የሆነበት ሰዓት ተለይተው ገቡ። አዲሱ ኖት ላይ «ኢች አዘር» እንኳ የለም፦ የክፍል 12 ነዋሪ የክፍል 9ኙን ከኋላ ቀኝ ትከሻው ላይ አንድ ጊዜ በቡጢ መታው፤ የክፍል 9ኙ የ12ቱን ደረት አንድ ጊዜ በመዳፉ መታው፤ ሠራተኛዋ ለየቻቸው። ሪፖርቱ የዚያኑ ጠዋት ሄደ። ሁለቱ ሰዎች በተለያየ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ በመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ለክፍል 9ኙ ተተወለት።