የእሁዱ መልስ፣ የሰኞው ክስ

የተያዝኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አልፏል፤ ገና አልነጋም።

እሁድ ማታ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የአክስቴ ልጅ መልስ ነበር። ጠጅ ነበር፣ ውስኪ ነበር፣ "በሞቴ" ነበር። 7 ሰዓት አካባቢ ማቆሜን አስታውሳለሁ። አሁን አልነዳም ብዬ ሶፋ ላይ ጋደም አልኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተኛሁ። ስነቃ ፊቴን ታጠብኩ፣ ከጀበናው የተረፈውን ቡና አሙቄ ጠጣሁ፣ የስፖርት ልብሴን ለበስኩ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ካምፕ ሰልፍ አለብኝ። የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሳጅን ነበርኩ። ወታደሮቼ ሲመጡ ቀድሜ ቆሜ መገኘት አለብኝ።

ሰክሬያለሁ ብዬ ፈጽሞ አላሰብኩም። ተኝቻለሁ፣ ቡና ጠጥቻለሁ፣ እግሬ አልተሳሰረም። ፖሊሱ ግን መስመር ነክተሃል ብሎ አስቆመኝ፤ መስኮቱን ሳወርድ ሽታው ቀደመኝ። "ሁለት ቢራ ነው የጠጣሁት" አልኩት። ውሸት ነው፤ የደረቱ ካሜራም ቀዳው። ጣቢያ ወስደው በማሽን ሲያስነፉኝ የአልኮሉ መጠን 0.11 ወጣ። ለሹፌር የቨርጂኒያ ጣሪያ 0.08 ነው።

ይህን ሂሳብ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ለብዙ ሰው የሚጠቅም ስለሆነ ልናገረው። ሰውነታችን አልኮልን የሚያስወጣው በዝግታ ነው፤ በአማካይ በሰዓት 0.015 ያህል። እንቅልፍ አያፈጥነውም። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም አያፈጥኑትም። ከ7 ሰዓት እስከ ንጋት ያለውን ወደ ኋላ ብትቆጥሩት፣ ሶፋው ላይ ስጋደም 0.18 አካባቢ ነበርኩ ማለት ነው። ከሕጉ ጣሪያ በታች የምወርደው እንኳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነበር። ጠጅ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ያታልላል። ብርሌ በብርሌ ላይ ሲደረብ ማንም አይቆጥርም።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው። አርብ ከሰዓት፣ ወታደሮቼ ለሳምንቱ መጨረሻ ከመበተናቸው በፊት፣ ሁሌም አጭር ምክር እንሰጣለን። የዚያን አርብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ልጆች ፊቴ ቆመው "ጠጥታችሁ እንዳትነዱ፣ ደውሉልኝ፣ በየትኛውም ሰዓት መጥቼ እወስዳችኋለሁ" ብያቸዋለሁ። እኔ ግን ለማንም አልደወልኩም።

ስለ መለቀቅ የሚወስነው ማጂስትሬት ፊት አቅርበውኝ ረፋዱ ላይ ሲለቁኝ ስልኬ ላይ 14 ያልተነሱ ጥሪዎች ነበሩ። መኪናዬ ተበላሸ ልበል ብዬ አስቤአለሁ፤ አልዋሽም። ግን የአንድ ወታደር እስር ወደ ካምፕ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። የክፍላችን የበላይ ሳጅን ለሆነው ለፈርስት ሳጅኔ ደወልኩና "ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ነው፣ አሁን ለቀውኛል" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። "የት ነህ? እዚያው ቆይ" አለኝና ራሱ መጥቶ ወሰደኝ። መንገድ ላይ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ያኔ የተናደደ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ መብቴ ሳይነበብልኝ እንዳልናገር እየጠበቀኝ ነበር። በወታደራዊ ሕጉ አንቀጽ 31 መሠረት አለቃህ ስለ ወንጀል ከመጠየቁ በፊት መብትህን ሊነግርህ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ኮማንደሩ ሲያነብልኝ "ጠበቃ እፈልጋለሁ" አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ሳምንታት ፈጀብኝ። አንድ ክስ ነው ያለብኝ ብዬ ነበር። አንድ አልነበረም። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ አለ፣ የጦሩ ጉዳይ አለ፣ የመንጃ ፈቃዱ፣ የክሊራንሱ (ምስጢር ለማየት የሚሰጠው ፈቃድ)፣ የዜግነቱ። እያንዳንዱ የራሱ ፋይልና የራሱ ቀን አለው። አንዱ ጋ ማለቁ ሌላው ጋ ማለቁ አይደለም።

ፍርድ ቤቱ ቀላሉ ነበር ብል ማንም አያምነኝም፤ ግን እውነት ነው። የተያዝኩት ከካምፕ ውጭ ስለሆነ ጉዳዩን ያየው የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ነው። ካምፕ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ወደ ፌዴራል ማጂስትሬት ወይም በአንቀጽ 113 ወደ ጦር ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችል ነበር። ጦሩ በነፃ የሚሰጠው ጠበቃ የሲቪል ፍርድ ቤት ስለማይገባልኝ በራሴ ገንዘብ ጠበቃ ቀጠርኩ፤ 2,500 ዶላር። ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። 250 ዶላር ቅጣትና የፍርድ ቤት ወጪ፣ በገደብ የተያዘ እስር፣ የ12 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ፣ ቫሳፕ የሚሉት የአልኮል ትምህርት። ለሥራና ለጥቂት ሌሎች ጉዳዮች ብቻ የምነዳበት የተገደበ ፈቃድ ተሰጠኝ፤ ለስድስት ወር መኪናዬ ላይ ኢንተርሎክ፣ ካልነፉበት ሞተሩን የማያስነሳ ማሽን፣ እንዲገጠም ታዘዘ። ግዛቲቱም ኤፍ አር 44 የሚባለውን ከፍ ያለ የኢንሹራንስ ሽፋን ጠየቀችኝ፤ ለሦስት ዓመት።

ጦሩ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ጦሩ በራሱ መመሪያ፣ የሲቪል ፍርድ ቤት የያዘውን ጥፋት ደግሞ በአርቲክል 15፣ ኮማንደር ያለ ፍርድ ቤት በሚሰጠው ቅጣት፣ አይቀጣም፣ እንደ ደንቡ። ይህን ስሰማ እፎይ ብዬ ነበር። የጦሩ ጠበቃ፣ አንዲት ወጣት ካፒቴን፣ እፎይታዬን ወዲያው ወሰደችው። "ቅጣት የማይባሉ ነገሮች ናቸው የሚጎዱህ" አለችኝ። እውነቷን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት "ፍላግ" ተደረግሁ፤ እድገት የለም፣ ሽልማት የለም፣ ልሄድበት የነበረው ኮርስ ተሰረዘ። ወደ አልኮል ሕክምናው ክፍል ተላክሁ። ካምፕ ውስጥ መንዳት ለአንድ ዓመት ተከለከልኩ። ይኸኛው ሕክምናና ፍርድ ቤት የማይደርሱበትን ቦታ ነካኝ። ቨርጂኒያ ለሥራ ንዳ ብላኛለች፣ ሥራዬ ግን ካምፕ ውስጥ ነው። ስለዚህ መኪናዬን ውጭ አቁሜ ከበሩ እስከ ክፍሌ በእግሬ እሄዳለሁ፤ 40 ደቂቃ፣ በጨለማ፣ የሚያበራውን የስፖርት ቀበቶ አጥልቄ። ወታደሮቼ በመኪና እያለፉኝ ፍጥነት ይቀንሳሉ። አንዳንዱ ይቆምልኛል፣ አንዳንዱ አፍሮ ፊቱን ያዞራል። አንድ ዓመት ሙሉ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ወታደሮች "ጎሞር" የሚሉት፣ ከጄኔራል የሚጻፍ የተግሣጽ ደብዳቤ ነው። ጠጥቶ ለነዳ ሳጅን መመሪያው ያዘዋል። መልስ እንድሰጥ ሰባት ቀን ሰጡኝ። ዋናው ጥያቄ ደብዳቤው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የጦር ክፍልህ ፋይል ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ወደ ሌላ ክፍል ስትቀየር ይነሳል። ቋሚ ፋይልህ ውስጥ ከገባ የእድገት ቦርድ ሁሉ ያየዋል።

የመጀመሪያውን መልስ የጻፍኩት በዚያው ሌሊት ነው። አራት ገጽ። ስለ መልስ ባህላችን አስረዳሁ፣ እንግዳ "አልጠጣም" ማለት እንደሚከብደው ጻፍኩ፣ ተኝቼ እንደነበር ደጋግሜ ገለጽኩ። ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አውጥታ አነበበችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመች። "ይህን የሚያነብ ሰው ጥፋተኛው ጠጁ ነው የሚመስለው" አለችኝ። ከአራቱ ገጽ የተረፈው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የላክነው አንድ ገጽ ሆነ፤ ምን እንዳደረግሁ፣ ማንን አደጋ ላይ እንደጣልኩ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንዳደረግሁ። ሕክምና መጀመሬን የሚያሳይ ወረቀትና የፕላቱን ሳጅኔን ምስክርነት አያያዝን።

ደብዳቤው ቋሚ ፋይሌ ውስጥ ገባ። ጄኔራሉ አላመነታም። ግን ያቺ አንድ ገጽ አልባከነችም። ኮማንደሬ እኔን ከጦሩ የማሰናበት ሂደት መጀመር ይችል ነበር፤ አልጀመረም። ጠርቶኝ "ያንተን መልስ አነበብኩት፣ ሰበብ አልፈለግህም" አለኝ። አራቱን ገጽ ልኬ ቢሆን ምን እንደሚል ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ለምን ይዘገንነኛል? ዜግነቴን ያገኘሁት በወታደርነት ነው። በዲቪ መጣሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ጦሩን ተቀላቀልኩ፣ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ለሚያገለግሉ በሚሠራው ሕግ ፓስፖርት ያዝኩ። በዚያ ሕግ ውስጥ ብዙ የሀገሬ ልጆች የማያውቁት አንድ መስመር አለ። አምስት ዓመት በክብር ሳታገለግል ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ ከተሰናበትክ፣ በዚያ መንገድ ያገኘኸው ዜግነት ሊነጠቅ ይችላል። እኔ ያኔ አራት ዓመት እንኳን አልሞላኝም ነበር። ከዚያ ሰኞ በኋላ ለብዙ ሌሊት የማስበው ይህንን ነው። አንድ ክስ ብቻ ለእንዲህ ዓይነት ስንብት እንደማያደርስ ጠበቃዋ ነግራኛለች፤ ሁለተኛ ቢደገም ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ገና ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። በመልካም ጠባይ መመዘኛው ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ የለውም ተብሎ እንዲገመት በ2019 ተወስኗል። ጉዳያችሁን ለትራፊክ ጠበቃ ብቻ ሳይሆን ለኢሚግሬሽን ጠበቃም አሳዩት።

ክሊራንሴን አላጣሁም። ለደኅንነት ኃላፊው ራሴ ሄጄ አስታወቅሁ፣ ያንኑ እውነት በጽሑፍ ደገምኩት። የክሊራንሱ ቅጽ በአልኮል የተከሰስክበትን ሁሉ ይጠይቃል፤ ጊዜ ቢያልፍም መልሱ እስከ ዕድሜ ልክ "አዎ" ነው።

ሕክምናው ክፍል የገባሁት ወረቀት ላስፈርም ነበር። አማካሪው በሳምንት ስንት ቀን እንደምጠጣ ሲጠይቀኝ "ቅዳሜና እሁድ ብቻ" አልኩት። "ያለፈውን ወር ቀን በቀን ቁጠርልኝ" አለ። ልደት፣ ክርስትና፣ ኳስ፣ መልስ፣ ለቅሶ ቤት ያመሸንበት። ስንቆጥር 13 ቀን ሆነ። ቁጥሩን ሳየው ዝም አልኩ። ከ2019 ወዲህ አንድ የአሜሪካ ጦር ወታደር ምንም ጥፋት ሳይመዘገብበት በራሱ ፈቃድ ሄዶ ስለ መጠጡ መታከም ይችላል፤ አለቃው የግድ መስማት የለበትም። ይህን በር ከአንድ ዓመት በፊት ባውቀው ኖሮ እላለሁ።

ለአለቃዬ በአንድ ቀን ውስጥ የተናገርኩትን ለእናቴ ሁለት ወር ደበቅኋት። መኪና የማልነዳውን ሥራ በዝቶ ነው አልኳት። ፈቃዴ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ይፈቅድልኝ ስለነበር ኢንተርሎኩ በተገጠመ በሁለተኛው እሁድ ላስቀድሳት ወሰድኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። እኔ ማሽኑን አንስቼ ነፋሁ፤ ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል። መኪናው ተነሳ። ምንም አላለችም። መንገድ ላይ ግን ማሽኑ እንደገና ጮኸ፣ እየሄድኩ እንድነፋ። ደነገጠች፣ አማተበች። "ምንድነው እሱ? ታመሃል እንዴ ልጄ?" አለችኝ። የአስም መድኃኒት መስሏታል።

የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩን አጥፍቼ ሁሉንም ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ። "ሰው ነክተሃል?" አለችኝ። አልነካሁም አልኳት። "የማንም እናት አላለቀሰችም?" አለችኝ እንደገና። የለም እማዬ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው እሷ ያለቀሰችው። ጄኔራሉም፣ ዳኛውም፣ ኢንሹራንሱም ያልጠየቁኝን የጠየቀችኝ እሷ ናት።

ውሌን ዳግም ማደስ አልተፈቀደልኝም። ግን ስድስት ዓመቴን ጨርሼ በ2025 በክብር ተሰናበትኩ። ዜግነቴ ከስጋት ወጣ። ጂ አይ ቢሌም ተረፈ፤ ከክብር ስንብት አንድ ደረጃ የሚያንሰው "ጄኔራል" የሚባለው ስንብት ቢሰጠኝ የትምህርት ገንዘቡን አጣው ነበር። አሁን ኮሌጅ ነኝ። ሳጅን ሆኜ መቆየት ነበር የምፈልገው፤ ያ አልተመለሰም።

የአክስቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ማየት ከብዶት ነበር። "በሞቴ" ያለኝ እሱ ነውና። አንድም ቀን አልወቀስኩትም፤ ቁልፉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። በቅርቡ የልጁ ክርስትና ነበር። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደወለልኝ። ስለ ምግቡም፣ ስለ እንግዳውም አላነሳም። "ሰኞ ጠዋት ክፍል አለህ?" ብሎ ነው የጀመረው።