ሰባት ወር ከአል-አጣስ ጋር፦ የት ደረስኩ?

ባለፈው «የአል-አጣስን ሥራ ማንበብ ጀመርኩ» ብዬ ጽፌ ድምፄ ጠፋ። ትቼው አይደለም። ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የአንድ የማሌዥያ ዓሊም ሥራ እያነበብኩ ነው። ሰይድ ሙሐመድ ነቂብ አል-አጣስ ይባላሉ።

በስህተቴ ልጀምር። የመጀመሪያውን ወር በከንቱ ነው የፈጀሁት። ለካ ታላቅ ወንድማቸው ሰይድ ሑሴን አላታስም ስመ ጥር ጸሐፊ ነበሩ። ሶሺዮሎጂስት ነበሩ፤ ቅኝ ገዢዎች «ማላይ ሰነፍ ነው» እያሉ ያወሩትን ተረት ያፈረሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጌ ስጽፍ ከረምኩ። እንዴት ነው ይሄ ሰው ስለ ሙስናም ስለ ተሰዉፍም (ስለ ሱፊዎች መንፈሳዊ መንገድ) የሚጽፈው እያልኩም ስገረም ነበር። ነገሩ ሲገባኝ ግማሽ ደብተር ቀደድኩ።

የታናሽየው መንገድ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ጃቫ ውስጥ ቦጎር ተወለዱ። ልጅነታቸው ጆሆርና ጃቫ መካከል አለፈ። ጃፓኖች አካባቢውን በያዙበት ጊዜ ጃቫ ውስጥ ሱካቡሚ ላይ መድረሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) ገቡ። ከዚያስ? ወታደር ሆኑ! በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ሳንድኸርስት ተልከው ለመኮንንነት ሠለጠኑ። የፋርሱን ሱፊ የጃሚን ሐሳብ ያገኙት እዚያው፣ በጦር ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ ኪታብ ፍለጋ አገር እናስሳለን፤ እሳቸው ካምፕ ውስጥ አገኙት።

ማዕረጉን ትተው ወደ ትምህርት ተመለሱ። በ1962 ካናዳ ማክጊል ማስተርሳቸውን፣ በ1965 ለንደን ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1987 ኩዋላ ላምፑር ላይ ኢስታክ የተባለውን የእስልምና አስተሳሰብና ሥልጣኔ ተቋም መሠረቱ። የሕንፃውን ንድፍ ራሳቸው ናቸው የሣሉት፤ የቁም ጽሕፈት ሰውም ናቸው። እስከ 2002 መሩት። መካከሉ ላይ ያሉትን ሹመቶች ዘለልኳቸው፤ ዝርዝር ነው የሚሆነው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የዶክትሬት ሥራቸው ሐምዛ ፈንሱሪ በተባለ የሱማትራ ሱፊ ገጣሚ ላይ ነበር። ሐምዛ ካለፈ በኋላ ኑረዲን አል-ራኒሪ የሚባል ዓሊም በ1637 ሱማትራ ውስጥ አቼ ገባ። ከሡልጣኑ ጎን ሆኖ የሐምዛን ትምህርት ኑፋቄ ነው አለ፤ መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። ወጣቱ አል-አጣስ ለሐምዛ ተሟግተው ራኒሪን ጠንከር አድርገው ተቹት። በ1986 ግን የራኒሪን አንድ ኪታብ ሲያብራሩ የድሮ ፍርዳቸውን አሻሻሉ። ሃያ ዓመት የቆመ አቋም ነው። ስንቱ ዓሊም፣ ስንቱ ፕሮፌሰር «ያኔ ተሳስቼ ነበር» ብሎ በመጽሐፍ ያሳትማል?

አሁን ወደ ንባብ ልምምዴ። በ1988 አንድ የ1590 የእጅ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ ነሰፊ የተባለ ዓሊም የጻፈውን የአቂዳ (የእምነት መሠረት) ኪታብ በማላይ ትርጉም። ከዐረብኛው መስመር ሥር ማላይኛው ተጽፏል። እኛ ጋ ደረሳው (ተማሪው) ሸኹ ፊት ተቀምጦ ቃል በቃል ወደ አማርኛ የሚመልሰውን እዚያ በቀለም አስፍረውታል ማለት ነው። ኪታቡ የሚጀምረው ዱዓንና ውዱእን በማስተማር አይደለም። የነገሮች ሐቂቃ (እውነተኛ ምንነት) የጸና ነው፣ እሱን ማወቅም ይቻላል ብሎ ነው የሚነሳው። ማላዮቹም እስከ ዛሬ «ሐኪካት» ይላሉ። ማታውኑ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን መታሁት።

ጽሕፈቱ ጃዊ ይባላል። ማላይኛ በዐረብኛ ፊደል ማለት ነው፤ ወሎ ላይ አማርኛ በዐጀሚ እንደሚጻፈው። ቁርአን ቀርቻለሁና ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። ዐረብኛ «ፐ» የለውም፤ ስለዚህ «ፋ» ላይ ሦስት ነጥብ ደርበውበታል። «ጂም» ላይ ነጥብ ጨምረው «ቸ» አድርገውታል። የ«ኘ» ድምፅ ደግሞ ከ«ኑን» ነው የመጣው። ይሄኛው ወዲያው ገባኝ። እኛስ «ኘ»ን ያገኘነው «ነ» ላይ ሰረዝ ጥለንበት አይደል? ያስቸገረኝ «ዓይን» ላይ ሦስት ነጥብ ተደርጎበት የሚወጣው የአፍንጫ ድምፅ ነው። ነጥቦቹ በቅጂው ላይ ሲደበዝዙ ዓይኔም ይደበዝዛል።

ከሁሉ የበለጠ ያቆየኝ ግን አንድ ቃል ነው፦ አደብ። በ1977 መካ ላይ የሙስሊም ትምህርት ጉባኤ ሲደረግ አል-አጣስ የትምህርት ትክክለኛ ስም «ተርቢያ» ሳይሆን «ተእዲብ» (አደብ ማስያዝ) ነው ብለው ተከራከሩ። ተርቢያ ማሳደግ ነው፤ ከብትም ተክልም ያድጋል። አደብ ግን እያንዳንዱ ነገር ተገቢ ቦታው የት እንደሆነ አውቆ እዚያው ማኖር ነው። ዙልም ደግሞ ነገርን ከቦታው ማውጣት። እኔ አያቴ «አደብ ግዛ!» ስትለኝ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አንዴ ሳንቲም ስጪኝ ብያት በኩርኩም ነው የመለሰችኝ። ያንን ቃል ሦስት ሳምንት ተቀምጬ አጠናዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ሁሉንም ተስማምቼ አላነበብኩም። አጻጻፋቸው ይከብዳል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ገጽ የሚያክልበት ጊዜ አለ። ቃላት ላይ ያላቸው እምነትም አንዳንዴ ይበዛብኛል። ቃሉ ቢስተካከል ኑሮው የሚስተካከል አስመስለው ሲጽፉ፣ ገበያ ወጥተው አያውቁም እንዴ እላለሁ።

አሁን በአንድ ማታ አምስት የጃዊ መስመር ነው የማነበው፤ መጀመሪያ ላይ አንዱም አይሞላልኝም ነበር። ትናንት ስድስት ደርሼ ነበር። ስድስተኛው ላይ ያን ባለ ሦስት ነጥብ ዓይን ከተራው ዓይን ጋር አምታታሁትና ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ፈለግሁት። የለም።