ሰልባቲዮው (የናፍጣ ታንኩ) ሲሞላ የሚድን ሃይሉክስ

ባለ 3.0 ዲ-ፎር-ዲ የናፍጣ ሞተር ሃይሉክስ ነው፤ ዳገት ላይ ያጠፋል ተብሎ ጋራዥ ገባ። ሾፌሩ እንደሚለው ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ መጀመሪያ ጉልበት ያጣል፣ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። የፊልትሮው የእጅ ፓምፕ ጠንከር እስኪል ሲጨመቅ ይነሳል። ጠዋት ጠዋትም ሞተሪኖው (ማስነሻው) ረጅም ይዞራል። ፊልትሮው ተቀየረ። አልዳነም። ቀጥሎ ከሃይ ፕሬዠር ፓምፑ ላይ የናፍጣ መጠን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ተቀየረ፤ ርካሽ ዕቃ አይደለም። ሁለቱም ጊዜ ተነድቶ ደህና ነው ተባለ፣ ሁለቱም ጊዜ ተመልሶ መጣ።

ከዕቃው በፊት መጠየቅ የነበረበት አጠፋፉ ነው። የሞተሩን መዞር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰር ሲሞቅ የሚከዳ ከሆነ ሞተሩ እንደ መብራት ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ መኪናው በማርሽ እየተንከባለለ ሳለ የአርፒኤም (የሞተር ዙር) ቀስቱ ዜሮ ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም ፒ 0335 የሚል የብልሽት ኮድ ይመዘገባል። እዚህ ቀስቱ የወረደው ከሞተሩ ጋር ነው፤ ኮዱም ፒ 0087፣ የሬል (ለኢንጀክተሮቹ ናፍጣ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ግፊት ማነስ። ስካነር ተሰክቶ ዳገት ሲወጣ ኮምፒውተሩ ከ1,000 ባር በላይ ይጠይቃል፣ ግፊቱ ግን እያነሰ ይሄዳል። ይህን ኮድ ያየ ሁሉ ፓምፑን ይከሳል። ኮዱ የሚናገረው ናፍጣ እንዳነሰ ነው፤ የት እንደቀረ አይናገርም።

በዚህ ሞተር ሰልባቲዮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ከፊት ያለው ፓምፕ ራሱ እስከ ኋላ ድረስ ይመጥጣል። ስለዚህ በመምጠጫው መስመር ያለ ስንጥቅ አያንጠባጥብም፤ አየር ያስገባል። ከሥር ደረቅ ነው ብሎ ማለፍ ብዙ ገንዘብ አስበልቷል።

ከፊልትሮው እስከ ፓምፑ ባለው መስመር 30 ሳንቲሜትር ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ የናፍጣ ቱቦ ገባ፣ በፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ተጠበቀ። ጋዝ ሲሰጠው አረፋ ተግተልትሎ መጣ። ቀጥሎ መምጠጫውም መመለሻውም ከሰልባቲዮው ተነቅለው ንጹሕ ናፍጣ ወዳለበት ጀሪካን ገቡ። መመለሻውን መርሳት አይገባም፤ ከተረሳ ጀሪካኑ ቶሎ ይደርቃል። ጀሪካኑም ከቱርቦው ርቆ በደንብ መታሰር አለበት። አረፋው ጠፋ፣ ዳገቱንም ወጣ። ፓምፑ፣ ፊልትሮውና የፊት ቱቦዎች በዚህ ነጻ ወጡ። (እንዲህ ያለ ሙከራ ቁልቁለት ላይ አይደረግም፤ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል።)

ሰልባቲዮው ሲወርድ የመምጠጫው ብረት ቧንቧ ወደ መሐሉ ላይ በዝገት ተበስቷል፤ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል ነው። ናፍጣው ከቀዳዳው በላይ ሲሆን ቧንቧው የሚስበው ናፍጣ ብቻ ነው። ከግማሽ ሲወርድ ቀዳዳው አየር ላይ ይቀራል። ደልዳላ መንገድ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው ትንሽ ስለሆነ ይችለዋል፤ ዳገት ላይ አይበቃውም። የጠዋቱም ነገር ከዚሁ ነው፤ አየር ሲገባ በመስመሩ ያለው ናፍጣ ሌሊቱን ወደ ኋላ ይመለሳል። ያለፉት ሁለት ሙከራዎች ደግሞ የተደረጉት ሰልባቲዮው ሞልቶ ነበር።

ቧንቧው ከነወንፊቱ ተቀየረ፤ ከታች የተጠራቀመው ውሃና ዝገትም ታጠበ። የመጨረሻው ሙከራ የተደረገው በሩብ ሰልባቲዮ ናፍጣ፣ ጭነት ተጭኖ፣ ዳገት ላይ ነው። የሙከራው ቱቦ ከዚያ በኋላ ወጥቶ በመደበኛው ተተካ፤ ሙቀትና ናፍጣ ስለሚያደርቁት እዚያ ከተረሳ እሱም ይሰነጠቃል።