የአትክልት እቁባችን

ሆለታ አጠገብ በመስኖ ካሮትና ቆስጣ የሚያመርቱ አንድ ጋሼ አሉ። የዩሪያ ማዳበሪያውን ትተው በተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ በኮምፖስት ቢያመርቱ በኪሎ ጨምሬ እንደምገዛቸው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ዋጋውስ ጥሩ ነው። ምርቱ ቢቀንስብኝ ግን ዕዳው የማን ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለካ የዘር ብር የሚበደሩት ከደላላ ነው። ካሮቱ ገና መሬት ውስጥ እያለ ተሽጦ ያልቃል። እንዲህ የተያዘ ሰው እንዴት አዲስ ነገር ይሞክራል?

ጃፓን ውስጥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሸማቾች ከገበሬ ጋር በቀጥታ የሚዋዋሉበት ቴይኬይ የሚባል አሠራር አለ። እኛ ደግሞ እቁብ አለን። አዲስ አበባ ያሉ 30 ቤተሰቦችን ሰብስቤ የአትክልት እቁብ ጀመርን። የአንድ ወቅት ብር በቴሌብር አስቀድመን እንከፍላለን፤ ግማሹ ከዘር በፊት ለጋሼ ይደርሳል። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የደረሰውን እንካፈላለን። ምርቱ ካነሰ የሁላችንም ድርሻ ያንሳል። ይህን መጀመሪያ ላይ ባላስፈርም ኖሮ ገና በሁለተኛው ሳምንት እንበተን ነበር።

ኮምፖስቱን የከመርነው ክረምት እንደወጣ፣ ሣሩና አረሙ እርጥብ እያለ ነው። ክምሩ መሃል ረጅም እንጨት ይተከላል። እንጨቱ ሲነቀል ሞቅና ረጠብ ካለ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። ጋሼ መጀመሪያ የነቀሉ ቀን እንጨቱን ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው፣ «ትኩሳት አለው!» አሉ። ፊታቸው ሲፈካ አየሁ።

ትልቁ ስህተቴ ጾሙን አለማስላቴ ነው። ምርቱ የደረሰው ሁዳዴ ላይ ስለነበር 55ቱን ቀን ቆስጣው አልበቃ አለ። ፋሲካ አልፎ እቁቡ ሲታደስ ግን 11 ቤተሰብ ወጣ። ማሳው ላይ ቆስጣው ሞልቶ ቆሟል።

መላውን ያመጡት የጋሼ ባለቤት ናቸው። ጥቂት ዶሮዎች ነበሯቸው። በፍስኩ ወራት አትክልቱን ቀንሰን እንቁላል ጨመርን። የተረፈው ቅጠል ለዶሮ፣ ኩሱ ለኮምፖስት ሆነ። ከወጡት ሰባቱ ተመለሱ።

በየቤቱ ማድረስም አላዋጣም፤ ትራንስፖርቱ ብሩን በላው። አሁን ሁለት ቦታ ላይ እየመጡ ይወስዳሉ።

ጋሼ ዘንድሮ ከደላላ አልተበደሩም። የማሳቸውን ሩብ ግን አሁንም በዩሪያ ያለማሉ። «ሁለት ወቅት ልየው» ብለውኛል። እኛም የሁለቱንም ወቅት ብር ከፍለናል።