የአድማጭ ስህተት፣ የነጋሪ ዕዳ

ስለ ኢቨንት ሲስተም፣ ማለትም አንዱ ኮድ ክስተት ሲያውጅ ሌሎች ሰምተው ስለሚሠሩበት አሠራር፣ ስህተት ሲወራ ጨዋታው ሁሉ «ትራይ ካቹ (ስህተት የሚይዘው የኮድ ክፍል) የት ይቀመጥ?» የሚለው ላይ ያልቃል። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ከዚያ የሚቀድመው ነው፤ ስህተቱ የማን ነው? ክስተቱን የሚያውጀው ኮድ፣ ነጋሪ ልበለው፣ አድማጮቹን አያውቃቸውም። እንዳያውቃቸው ተብሎ ነው የተሠራው። የማያውቀው አድማጭ ሲወድቅበት ታዲያ ምን ያድርግ?

ቋንቋዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቁ ያሸክሙታል። በሲ ሻርፕ አንድ ኢቨንት ላይ አምስት አድማጮች ተመዝግበው ሁለተኛው ኤክሴፕሽን (የኮዱን ሥራ የሚያቋርጥ ስህተት) ቢያስነሳ፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሦስቱ ጭራሽ አይጠሩም፤ ኤክሴፕሽኑም ተመልሶ ነጋሪው ላይ ያርፋል። በኖድ ጄኤስ ክስተት የሚታወጅበት ኢሚትም ከዚህ አይለይም። ብራውዘር ውስጥ ግን አንዱ የክሊክ አድማጭ ቢወድቅ ስህተቱ ኮንሶል ላይ ይወጣል፣ የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለእኔ ትክክሉ የብራውዘሩ መንገድ ነው። አንዱ ስለወደቀ ሌላው ዜናውን የሚነፈግበት ምክንያት የለም።

ይህን በራስ ኮድ ማምጣት ከባድ አይደለም። የአድማጮቹን ዝርዝር ቅጂ ወስዶ (አንዱ አድማጭ በጥሪው መሃል ራሱን ከዝርዝሩ ሊሰርዝ ይችላልና) እያንዳንዱን ለብቻው በትራይ ካች ውስጥ መጥራት ነው። በሲ ሻርፕ ጌት ኢንቮኬሽን ሊስት ዝርዝሩን ይሰጣል። ካቹ ባዶ ከሆነ ግን ባይኖር ይሻል ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ቢያንስ ሰው ያውቃል። ሎጉ (የፕሮግራሙ መዝገብ) ላይ የክስተቱ ስም፣ የክስተቱ መለያ ቁጥር፣ የወደቀው አድማጭ ስምና ስታክ ትሬሱ (ስህተቱ ላይ ያደረሱት ጥሪዎች ዝርዝር) አንድ ላይ ይጻፉ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ፍለጋው በግምት ይሆናል። ስህተቱን በዚያው ኢቨንት ሲስተም ማወጅ ደግሞ አደገኛ ነው፦ የስህተቱ አድማጭ ራሱ ከወደቀ ማቆሚያ የሌለው ዙር ይጀምራል።

በኖድ ጄኤስ አንድ ወጥመድ አለ። አድማጩ አሲንክ (ሥራውን ከጥሪው በኋላ የሚጨርስ) ከሆነ ኢሚትን የከበበው ትራይ ካች ምንም አይዝም፤ ስህተቱ የሚመጣው ጥሪው ካለቀ በኋላ በፕሮሚሱ (የኋላውን ውጤት በሚያመጣው ነገር) በኩል ነው። ከስሪት 15 ወዲህ ማንም ያልያዘው የፕሮሚስ ስህተት ሙሉ ፕሮሰሱን ይጥላል። ስለዚህ ካቹ አሲንኩ አድማጭ ውስጥ መግባት አለበት።

ነጋሪና አድማጭ በኔትዎርክ ሲለያዩ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። መልስ አልመጣም ማለት መልእክቱ አልደረሰም ማለት አይደለም፤ ደርሶ፣ ሥራው ተሠርቶ፣ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ነጋሪው ይህን የሚለይበት መንገድ ስለሌለው ድጋሚ ይልካል፤ ድጋሚ ከላከ አንድ ክስተት ሁለት ጊዜ የሚደርስበት ቀን አይቀርም። መከላከሉ የአድማጩ ድርሻ ነው። የክስተቱን መለያ ልዩ ቁልፍ ባለው (አንድን መለያ ሁለት ጊዜ በማይቀበል) ሰንጠረዥ ውስጥ ያስገባል፣ መለያው ቀድሞ ካለ ሥራውን ይዘለዋል። መለያውም ሥራውም በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጸና ወይ ሁሉም የሚቀር ምዝገባ) መመዝገብ አለባቸው። ተለያይተው ከተመዘገቡ በመሃላቸው የሚፈጠር መቋረጥ ወይ ሥራውን ያስቀራል ወይ ይደግመዋል።

ድጋሚ ሙከራም ልክ አለው። ከ1 ሰከንድ ጀምሮ 2፣ 4፣ 8 እያለ እጥፍ የሚሄድ ቆይታ፣ በላዩም ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ፤ ያለዚያ አብረው የወደቁ ሺህ ሙከራዎች አብረው ተመልሰው ገና ያገገመውን ሰርቨር መልሰው ይጥሉታል። ሰርቨሩ በቁጥር ከሚመልሳቸው የኤችቲቲፒ መልሶች 503 (አገልግሎቱ ለጊዜው የለም) እና 429 (ጥያቄ በዛ) ይደገማሉ፤ መልሱ ላይ የመቆያ ጊዜ ከተጻፈ እሱን ማክበር ነው። 400 (ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው) ያስመጣ መልእክት መቶ ጊዜ ቢላክ መልሱ ያው 400 ነው። 410 ከመጣ አድራሻው ስለሌለ ምዝገባውን መሰረዝ ይሻላል።

ሁሉም ነጋሪ ይደግማል ብሎ መተማመን ግን ያሳስታል። የኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ ዌብሁክ (ክስተትን ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያደርስ መልእክት) ልኮ መልስ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው፣ ያልተሳካውንም በራሱ አይደግምም። ስለዚህ ተቀባዩ መጀመሪያ መልእክቱን ያስቀምጥ፣ ወዲያው 200 (ተቀብያለሁ) ይመልስ፣ ሥራውን ከዚያ በኋላ ይሥራ።

መልእክቶች ተራ በሚጠብቁበት ወረፋ ላይ ስህተት የሚመስል ግን ያልሆነ ነገርም አለ። የአማዞን የወረፋ አገልግሎት ኤስኪውኤስ የተወሰደን መልእክት ከሌሎች የሚሰውረው፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ለ30 ሰከንድ ነው። ሥራው 45 ሰከንድ ከፈጀ መልእክቱ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል፣ ሁለቱም ሳይወድቁ ሥራው ይደገማል።

ተደጋግሞ የወደቀ መልእክት፣ አምስት ሙከራ በቂ ይመስለኛል፣ ወደ ዴድ ሌተር ወረፋ (ያልተሳኩ መልእክቶች ለምርመራ ወደሚቀመጡበት) ይወጣል። በመደበኛው የኤስኪውኤስ ወረፋ የመልእክቱ ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ከገባበት ሰዓት ነው እንጂ ከተዛወረበት አይደለም። ሁለቱም ወረፋዎች 4 ቀን ከተሰጣቸውና መልእክቱ 3ቱን ቀን በመጀመሪያው ከጨረሰ፣ ለመመርመር የሚቀረው 1 ቀን ብቻ ነው። ለዴድ ሌተሩ እስከ 14 ቀን ድረስ መስጠት ይቻላል፤ መስጠት ነው። ማንቂያውም ከአንድ መልእክት ጀምሮ ይጩኽ።

ምክንያቱ ተስተካክሎ መልእክቶቹ ሲመለሱ ደግሞ በጅምላ መልቀቅ አይገባም። ከሦስት ቀን በፊት «ትዕዛዙ ተቀይሯል» ያለ ክስተት፣ ትዕዛዙ ትናንት ተሰርዞ ከሆነ፣ ዛሬ ሲደርስ አዲሱን በአሮጌው ይሽራል። መልእክቱ የስሪት ቁጥር ይያዝ፤ አድማጩ በእጁ ካለው ያነሰ ቁጥር ሲያይ ክስተቱን መዝግቦ ይለፈው።