መግቢያውን ትቼ መውጫውን ማንበብ ጀመርኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የጻፍኩላችሁ ሐምሌ ላይ ነበር። ያኔ «በእንግሊዝኛ ፒኤችዲ ላመለክት ነው» ስል ስንቶቻችሁ «በርቺ» አላችሁኝ። አሁን ኅዳር ተጋምሷል። እስካሁን ያስገባሁት ማመልከቻ ዜሮ ነው። ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። የሠራሁትንም ያበላሸሁትንም ልንገራችሁ።

ለአዲሶች፦ ባሕር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ማስተርሴን ከጨረስኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የማመለክተው አሜሪካ ላሉ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሎች ነው። አገር ውስጥም ጎን ለጎን እያየሁ ነው፤ እዚህ መጀመሪያ ጋት የምንለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ የግድ ነው። እሱን ሌላ ቀን።

ክረምቱን ሙሉ ያነበብኩት ለመግባት የሚጠየቀውን ብቻ ነበር። ትራንስክሪፕት፣ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የዓላማ መግለጫ፣ የጽሑፍ ናሙና፣ ቶፍል ወይም አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና። ጂአርኢ የሚባለውን የአሜሪካ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙዎቹ ትተውታል። ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ብቻ ይሰጥ የነበረው የጂአርኢ ፈተናማ ከ2021 እ.ኤ.አ. በኋላ ጭራሽ ቀርቷል። እኔ ግን የድሮውን መለማመጃ ከጓደኛዬ ተውሼ ሁለት ሳምንት ስሸመድድ ከረምኩ። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

ያነቃችኝ እዚያው አሜሪካ ፒኤችዲዋን ጀምራ ሦስተኛ ዓመት የደረሰች የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ስልክ ደውላ «አንቺ፣ መግቢያውን ተይውና ለመመረቅ የሚጠይቁትን አንብቢ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ኮርስ አለ። ከዚያ አጠቃላይ ፈተና፦ በርካታ መጻሕፍት ያሉበት የንባብ ዝርዝር ይዘሽ ትቀመጫለሽ፣ በጽሑፍም በቃልም ይጠይቁሻል። ከዚያ የመመረቂያው ዕቅድ፣ ከዚያ መመረቂያው ራሱ፣ ከዚያ ዲፌንስ፣ ማለትም ጽሑፍሽን ፈታኞች ፊት ቀርበሽ መከላከል። ወረቀቱ አምስት ዓመት ይላል፤ ሰዉ ስድስትም ሰባትም ይቆያል። በብዙዎቹ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ የኪስም ይሰጣሉ። በምላሹ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ድርሰት ታስተምሪያለሽ። እኔ እንደሁ ድርሰት ማረም እንጀራዬ ነው፣ አያስፈራኝም።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ዝርዝሬ ከአሥራ አንድ ወደ አምስት ወረደ። አንዱ ሁለት የውጭ ቋንቋ ይፈልጋል። ሌላው ማስተርስ ቢኖርሽም ኮርሱን ከዜሮ ጀምሪ ይላል። ቀሪዎቹ እኔ በምሠራበት ዘርፍ የሚያማክር መምህር የላቸውም። ይሄን ሳላይ ብልክ ኖሮ ገንዘቤን ሐይቅ ውስጥ መጣል ነበር። የማመልከቻ ክፍያው ብዙ ቦታ ከ75 ዶላር በላይ ነው፣ ዶላር ማግኘቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ክፍያውን እንዲያነሱልኝ ለአምስቱም ጻፍኩ። ሁለቱ እሺ ብለዋል።

አሁን ወደ ፈረንሳይኛ። ብዙ ቦታ ለመመረቅ ቢያንስ አንድ የውጭ ቋንቋ አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል። ፈተናው ባመዛኙ አንድ ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዙ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ነው። መናገር አይጠየቅም። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ከክፍል በፊት ሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። ባለታንኳዎቹ ከዘጌ ማገዶ ጭነው ሲመጡ እኔ ግስ አረባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ምን ሆነ መሰላችሁ። «ኢል ነ ማንዥ ከ ዱ ፗሶን» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። «ነ»ን ሳይ አፍራሽ ነው ብዬ ቸኮልኩና «ዓሣ አይበላም» ብዬ ጻፍኩ። ጣና ዳር ተቀምጬ! ለካ «ነ» ከ«ፓ» ወይም ከመሰሎቹ ጋር ሲመጣ ነው የሚያፈርሰው። ከ«ከ» ጋር ሲመጣ «ብቻ» ይሆናል። ሰውየው ከዓሣ በቀር ሌላ አይበላም ማለት ነው። ፈተና ላይ ቢሆን የአንቀጹን ሐሳብ ገልብጬ ቁጭ ነበር። አሁን «ነ» ባየሁ ቁጥር እጄን ቃሉ ላይ አድርጌ «ፓ» ነው ወይስ «ከ» እያልኩ ወደፊት እፈልጋለሁ።

አባቴ የቆሎ ተማሪ ነበር። «ግእዝ እያለልሽ ፈረንሳይኛ ምን ይሠራልሻል?» ይለኛል። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። የምሠራው ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ በጻፏቸው ልቦለዶች ላይ ስለሆነ አማርኛዬ ይቆጠርልኝ እንደሆነ ለሁለት ክፍሎች ጻፍኩ። አንዱ ከምርምርሽ ጋር ከተያያዘ እንቀበላለን አለ። ሌላው እስካሁን ዝም።

ከሁሉም ያደከመኝ የጽሑፍ ናሙናው ነው። የማስተርስ ጥናቴ 118 ገጽ ነው፤ እነሱ የሚፈልጉት ሃያ ገጽ ገደማ። መጀመሪያ ከየምዕራፉ እየቆነጠርኩ አሳጠርኩት። እንደ ተቆራረጠ ጨርቅ ሆነ። ከዚያ አንድ ማታ እስክሪብቶ ይዤ የራሴ ሐሳብ የት ይጀምራል ብዬ ፈለግኩ። ገጽ 61 ላይ! ከዚያ በፊት ያለው የጥናቱ ዳራ፣ የችግሩ መግለጫ፣ የጥናቱ አስፈላጊነት፣ ወሰኑ፣ ውስንነቱ ነው። እኛ ጋ ይሄ ከሌለ ጥናት አይባልም። እዚያ ግን አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ «ምን ልትዪኝ ነው?» ይላል። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬ «ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስታወት ነው» የሚል ነበር። ስንቶቻችን ነን በእሷ የጀመርን? ሰረዝኳት። አዲሱ እንዲህ ይጀምራል፦ እናትየዋ በልቦለዱ ውስጥ እንግሊዝኛ ስትናገር አንድም ቀን ዓረፍተ ነገሯን አትጨርስም። ከዚህ በኋላ ጽሑፉ ራሱ ጎተተኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ 22 ገጽ ላይ ቆመ።

የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ አለላችሁ። የድሮ መምህሬ ዘንድ ሄጄ ስለምን፣ «ምን ችግር አለ፣ ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ» አሉኝ። በደግነት ነው፣ ልማዱ ነው። እኔም ልቀበል ምንም አልቀረኝም። «ዶክተር፣ ደብዳቤው የሚገባበት ሊንክ በቀጥታ በእርስዎ ኢሜይል ነው የሚመጣው፣ ደብዳቤውን እኔ አላየውም» አልኳቸው። ትንሽ ከበዳቸው። በማግስቱ አንድ ገጽ ማስታወሻ ወሰድኩላቸው፦ ምን ኮርስ እንዳስተማሩኝ፣ የጻፍኩት ወረቀት ምን እንደነበር፣ ጠርዙ ላይ በቀይ የጻፉልኝን አስተያየት ሳይቀር። አስተያየታቸውን ሲያዩ ሳቁና «ይቺን ወረቀት አስታውሳታለሁ» አሉ። ከሦስቱ ደብዳቤ የመጀመሪያው የገባው የእሳቸው ነው።

ስለ ቀነ ገደብ አንድ ነገር። ከአምስቱ ሦስቱ ዲሴምበር 15 ይዘጋሉ፣ ታኅሣሥ 6 ማለት ነው። 11:59 የሚሉት (በእነሱ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው) በኒው ዮርክ ሰዓት ከሆነ፣ በእኛ በማግስቱ ጠዋት 1:59 ነው። ለዚያች ሌሊት ግን አትመኑ። መብራት አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ ሁለቱም አብረው የሚጠፉበት ቀን አለ። እኔ ኅዳር 28 ቀን ሁሉንም ልልክ ወስኛለሁ።

የቀረኝ የዓላማ መግለጫው ነው። አራተኛው ረቂቅ ላይ ነኝ፣ ገና «ከልጅነቴ ጀምሮ ማንበብ እወድ ነበር» ከሚለው አልተላቀቅኩም። የሁለት ገጹን ረቂቅ ጨክኖ የሚያነብልኝ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እኔም የእናንተን አነባለሁ።